«የልጆች ሰዓት» የማን ሰዓት ነው?

ርዕሱን አይቶ ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስንት ከባድ ጉዳይ እያለ የማኅበራችን መጽሔት ለካርቱን ፊልም ገጽ ይሰጣል ወይ የሚል ትችት ከወዲሁ ይሰማናል። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ትዳር ይዘው ልጅ የወለዱት እየበዙ ሄደዋል፤ ልጆቻቸውም አማርኛውን ከእናት ከአባታቸው፣ ሌላውን ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ሣጥን ይማራሉ። ከዚህም ሌላ ትምህርታቸውን ጨርሰው አገር ቤት ሲገቡ በብዙኃን መገናኛ ሥራ ላይ የሚሰማሩ ጓደኞች አሉን። ስለዚህ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለልጆች ሰዓት መድቦ፣ ለሰዓቱም ስም አውጥቶ ሲያቀርብ ምን እየሠራ እንደሆነ መመርመር የቅንጦት ጥናት አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ዜናውን፣ ስፖርቱን፣ ድራማውን ሲያስተላልፍ ይውልና ከዚያ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆርጦ ለልጆች ይለያል። በዚያ ሰዓት አራት አምስት ፕሮግራሞችን አሰልፎ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ዓርማ፣ አንዳንዴም የራሱ አቅራቢ ይመደብለታል። ልጁ «ይህን ጣቢያ ነው የማየው» አይልም፤ የሚጠራው የክፍለ ጊዜውን ስም ነው። አንዱ ካርቱን ሲያረጅ ይነሣል፣ ሌላው ይተካል፤ ስሙ ግን ይቆያል። የደንበኛ ሱቅን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እናቶቻችን ደንበኛቸው ዘንድ ሲሄዱ አዲስ የመጣውን ዕቃ ብዙም ሳይጠራጠሩ ይገዛሉ። የስሙም ጥቅም ይኸው ነው፤ ልጁ ከቶ የማያውቀውን አዲስ ፕሮግራም በአሮጌው ስም አምኖ እንዲቀመጥለት ያደርጋል።

ቅዳሜ ጧት

የዚህን አሠራር ታሪክ ለማጥናት አሜሪካን የመሰለ ቦታ የለም፤ መሐንዲሶቹም፣ ተቃዋሚዎቹም፣ ሕጉም፣ ክሱም ሁሉ እዚያ ተመዝግቦ ይገኛልና። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሦስቱ ታላላቅ የቴሌቪዥን ድርጅቶች፣ ማለትም ሲ.ቢ.ኤስ.፣ ኤን.ቢ.ሲ. እና ኤ.ቢ.ሲ.፣ ካርቱኖቻቸውን በቅዳሜ ጧት አከማቹ። በሲ.ቢ.ኤስ. በኩል የዚህ ሥራ ዋና ቀያሽ ፍሬድ ሲልቨርማን የተባለ የፕሮግራም ኃላፊ ነበር። ለምን ቅዳሜ ጧት? ወላጅ የሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ዐዋቂ ስለማያየው የማስታወቂያው ዋጋ ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ለቁርስ እህልና ለአሻንጉሊት ፋብሪካዎች ዐዋቂው አለመኖሩ ጉዳት ሳይሆን ትርፍ ነበር። ሌላ ሰው ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የልጅ ተመልካች አገኙ። ካርቱኖቹም በርካሽ የሚሠሩ ነበሩ፤ የሥዕሉ አካል ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከበስተጀርባው ያው ዛፍና ያው ቤት እየተመላለሰ ያልፋል። ልጅ ደግሞ አንዱን ክፍል አሥር ጊዜ ቢያይ አይሰለቸውም። ተረት ነጋሪ አያት ይህን ከቴሌቪዥን ኩባንያዎች በፊት ያውቁ ነበር።

በ1969 ኤ.ቢ.ሲ. «ሆት ዊልስ» የሚባል ካርቱን ማስተላለፍ ጀመረ። ስሙ የተወሰደው ማቴል የተባለው ኩባንያ በዚያን ጊዜ ከሚሸጣቸው ትናንሽ የመኪና አሻንጉሊቶች ነው። ይህን አይቶ መጀመሪያ የጮኸው የልጅ ወላጅ እንዳይመስላችሁ፤ ተፎካካሪ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ነው። ቶፐር የተባለው ኩባንያ ለመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ግማሽ ሰዓቱ በሙሉ የባላጋራዬ ማስታወቂያ ነው ሲል ከሰሰ። ኮሚሽኑም ጣቢያዎቹ ከፕሮግራሙ ከፊሉን እንደ ማስታወቂያ ቆጥረው እንዲመዘግቡ አዘዘ። ካርቱኑ ከሁለት ዓመት በላይ አልቆየም። ከበርቴ ከከበርቴ ሲጣላ አልፎ አልፎ ለሕፃን የሚተርፍ ነገር መገኘቱን ልብ ይሏል።

የወላጆቹ ትግል ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1968 በቦስተን ከተማ አጠገብ ፔጊ ቻረን የተባሉ እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቤታቸው ተሰብስበው ለልጆች ቴሌቪዥን የሚሟገት ማኅበር መሠረቱ። በ1970 ለኮሚሽኑ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በዚያን ጊዜ በቅዳሜ ጧት ፕሮግራም በሰዓት እስከ 16 ደቂቃ ማስታወቂያ ይፈቀድ ነበር፤ ይህም ማታ ለዐዋቂ ከሚፈቀደው የበለጠ ነው። ከሰዓቱ ሩብ የሚበልጠው ለሽያጭ ማለት ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1974 ኮሚሽኑ መመሪያ አወጣ፤ የማስታወቂያው ጊዜ እንዲቀነስ፣ የፕሮግራሙ አቅራቢ ወይም ገጸ ባሕርይ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሸቀጥ እንዳይሸጥ፣ ፕሮግራሙና ማስታወቂያው በግልጽ እንዲለዩ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ከታሪኩ ሁሉ እኛን በጣም ያስገረመን ይህ ነውና። ትንሽ ልጅ ማስታወቂያን ከተረት አይለይም፤ ስለዚህ በመካከላቸው አጥር ይደረግ ተባለ። ጣቢያዎቹም ታዘዙ። ፕሮግራሙ ሲቆም ጥቂት ሰከንድ የምትቆይ መለያያ ሥዕል አስገቡ፤ ከማስታወቂያው በኋላ እንመለሳለን የምትል። ግን ሥዕሏን ማን ይሥላት? ጣቢያው ራሱ። ዜማ ጨመረባት፣ ዓርማውን ለጠፈባት፣ የክፍለ ጊዜውን ስም አስዘመረባት። ልጁ በአንድ ጧት ደጋግሞ የሚያያትና የሚያንጐራጕራት እርሷ ሆነች። ልጁን ከነጋዴው ይጠብቃል የተባለው አጥር ራሱ የነጋዴ ሰንደቅ ተሰቀለበት። ይህን ስንል መመሪያው ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም፤ የማስታወቂያው ደቂቃ በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ሕግ የሚያወጣ ሰው አጥሩን ሲያጥር አጥሩ ላይ ማን እንደሚጽፍበትም ማሰብ እንዳለበት ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ነፋሱ ዞረ። የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ1978 ለትናንሽ ልጆች የሚደረገውን ማስታወቂያ እስከ መከልከል የሚደርስ ሐሳብ ቢያቀርብ የስኳርና የአሻንጉሊት ኩባንያዎች ተረባረቡበት፤ በ1980 ኮንግሬስ የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣን ቀነሰው፤ በ1981 ጉዳዩ ተዘጋ። በሬጋን ዘመን ማርክ ፋውለር የመገናኛው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሲሆኑ የቀረውም ተነሣ፤ በ1984 የማስታወቂያው ደቂቃ ገደብ ተሻረ። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የማቴል አሻንጉሊት የነበረው «ሂ-ማን» የየዕለት ካርቱን ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ከሻረው ሕግ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። በ1969 እንደ ነውር የተቆጠረው ነገር ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ተራ የንግድ ዘዴ ሆነ።

የእኩል አራሽ ውል

ስም የወጣላቸው ታላላቅ ክፍለ ጊዜያት የተስፋፉት በዚህ መሬት ላይ ነው። በመስከረም 1990 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ተወለዱ፤ «ፎክስ ኪድስ» እና «ዲዝኒ አፍተርኑን»። ሁለተኛው በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አራት ካርቱኖችን አከታትሎ ለሁለት ሰዓት ይታይ ነበር። ዲዝኒ በዚያን ጊዜ አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ድርጅት አልነበረውም። ታዲያ እንዴት በየከተማው ታየ?

የአገራችንን የጭሰኛ ውል የሚያስታውስ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ሰዓት አላቸው፣ ካርቱን የላቸውም። የካርቱኑ ባለቤት ካርቱን አለው፣ ሰዓት የለውም። በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ የተለመደው ውል ጣቢያው በጥሬ ገንዘብ ሁሉንም ከመክፈል ይልቅ ከማስታወቂያው ደቂቃዎች ከፊሉን ለካርቱኑ ባለቤት እንዲሰጥ ያደርጋል። ባለቤቱ የእርሱን ድርሻ ለታላላቅ አገር አቀፍ ኩባንያዎች ይሸጣል፤ ጣቢያው የቀረውን ለከተማው ነጋዴ ይሸጣል። መሬቱ የአንዱ፣ ዘሩና በሬው የሌላው፣ ምርቱ የጋራ። ምርቱ ምንድን ነው ቢባል ካርቱኑ አይደለም፤ ካርቱኑ ዘር ነው። የሚታጨደው የልጆቹ ዓይን ነው፤ ስንት ልጅ በስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ለአስተዋዋቂው ይሸጣል። መሬቱስ በእርግጥ የጣቢያው ነው? በአሜሪካ ሕግ መሠረት አየሩ የሕዝብ ነው፤ ጣቢያው የሕዝብን ጥቅም አገለግላለሁ ብሎ ፈቃድ የተቀበለ ተጠቃሚ ብቻ ነው። እንግዲህ በሕዝብ መሬት ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ይካፈላሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ ልጁን ያቀርባል።

የፎክስ ክፍለ ጊዜ አወላለድም የዚሁ የመሬት ጠብ ውጤት ነው። ዲዝኒ በሎስ አንጀለስ የራሱን ጣቢያ ሲገዛ በፎክስ ጣቢያ ይታይ የነበረውን «ዳክ ቴይልስ» ወደ ራሱ አዛወረው። ፎክስም ተቆጥቶ ለራሱ ጣቢያዎች የራሱን የልጆች ክፍለ ጊዜ አቋቋመ፤ ተባባሪ ጣቢያዎቹንም ከትርፉ ተካፋይ አደረጋቸው። በ1993 «ፓወር ሬንጀርስ» በዚህ ክፍለ ጊዜ ወጣ። ፕሮግራሙን ያመጡት ሐይም ሳባን በግብፅ በእስክንድርያ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ እስራኤል ተሰደው፣ በፓሪስ ሙዚቃ ነግደው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰው ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ ጭንብል ያጠለቁት ጀግኖች የሚዋጉበትን ክፍል ከጃፓን ፊልም ወሰዱ፤ ጭንብል የሌለበትን ክፍል ብቻ በአሜሪካውያን ወጣቶች አሠሩ። ጭንብል ያጠለቀ ሰው የየት አገር እንደሆነ ማን ያውቃል? አሻንጉሊቱ በገበያ ላይ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሻማ። በ2001 ዲዝኒ ከፎክስና ከሳባን ይህን ንግድ የሚያጠቃልለውን ኩባንያ ሲገዛ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

ሕጉም በበኩሉ ተመልሶ ነበር። ዲዝኒና ፎክስ ክፍለ ጊዜያቸውን ባወጁ በሚቀጥለው ወር፣ በጥቅምት 1990፣ የልጆች ቴሌቪዥን ሕግ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ጸና። ማስታወቂያው ቅዳሜና እሑድ በሰዓት ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሌላው ቀን ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጣቢያዎችም ለልጆች ትምህርት ምን እንደሠሩ ለፈቃድ እድሳት እንዲያስረዱ አዘዘ። አንዳንድ ጣቢያዎች የሰጡት ማስረጃ እስከ ዛሬ ያስቃል። ስለ ወደፊቱ ዘመን የሚቀልደውን «ጄትሰንስ» የተባለ አሮጌ ካርቱን፣ ልጆችን ስለ መጪው ክፍለ ዘመን ያስተምራል ብለው አስመዘገቡት። በዚህም ምክንያት ኮሚሽኑ በ1996 በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰዓት እውነተኛ ትምህርታዊ ፕሮግራም እንዲኖር ደነገገ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመክሰም ታሪክ ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። ሌሊትና ቀን ለልጆች ብቻ የሚሠሩ የኬብል ጣቢያዎች ተመልካቹን ወሰዱት። አገር አቀፎቹ ድርጅቶች የቅዳሜውን ሰዓት ራሳቸው ማረስ ትተው ለሌላ ማከራየት ጀመሩ፤ ፎክስ ከ2002 እስከ 2008 ሰዓቱን ለአንድ የካርቱን ኩባንያ አከራየ፤ በ2009 ካርቱኑን ጭራሹን አንሥቶ ረጃጅም የሽያጭ ማስታወቂያ አስገባበት። በመስከረም 2014 «ቮርቴክስ» የተባለው የመጨረሻው የቅዳሜ ጧት የካርቱን ክፍለ ጊዜ ተዘጋ፤ በቦታውም ስለ እንስሳትና ስለ ጉዞ የሚያሳይ፣ የሦስት ሰዓቱን ግዴታ የሚሞላ ፕሮግራም ተተካ። ሕጉ ገደለው የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ሕጉ ሰዓቱን ትርፍ አልባ አላደረገውም፤ ትርፉ አስቀድሞ ወደ ኬብሉ ሸሽቶ ነበር። በ2019 ኮሚሽኑ ደንቡን ቢያላላም ካርቱኑ ወደ ቅዳሜ አልተመለሰም።

ማስታወቂያ በሌለበት

እስከ አሁን ያልነውን ብቻ የያዘ አንባቢ፣ ለልጆች ሰዓት ስም ማውጣት የነጋዴ ተንኮል ብቻ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የእንግሊዝ ምሳሌ ይህን ይቃወማል። የቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በአገሩ ውስጥ ማስታወቂያ አያስተላልፍም። ሆኖም በመስከረም 1985 የከሰዓት በኋላውን ፕሮግራም «ቺልድረንስ ቢ.ቢ.ሲ.» ብሎ ሰየመው፤ ፊሊፕ ስኮፊልድ የተባለ ወጣት አቅራቢም ከአንዲት ጠባብ የማስተላለፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በፕሮግራሞቹ መካከል ልጆቹን ያነጋግር ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ «የመጥረጊያ ቁም ሣጥን» ተባለች። የማስታወቂያው ቦታ በሰው ድምፅ ተሞላ ማለት ነው። በማስታወቂያ የሚተዳደረው አይ.ቲ.ቪ. ደግሞ የራሱን ስም በ1983 አውጥቶ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ስብ፣ ስኳርና ጨው የበዛበትን ምግብ በልጆች ፕሮግራም አካባቢ ማስተዋወቅ ሲከለከል አይ.ቲ.ቪ. በዚያው ጊዜ ለልጆች ፕሮግራም የሚያወጣውን ገንዘብ በእጅጉ ቀነሰ። ቢ.ቢ.ሲ. ከክልከላው ምንም አልተነካም። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ከ1980 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚደረግ የንግድ ማስታወቂያን ከልክሏል። ክልከላው መልካም ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ሲወጣ ወጪውን ማን እንደሚሸከም አብሮ ካልተወሰነ የልጆቹ ሰዓት አብሮ ይወጣል።

ስለ ስሙ ኃይል ከሰማነው ሁሉ የማንረሳው የሃንጋሪው ነው። የሶሻሊስቱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ የአገሪቱ ቴሌቪዥን እሑድ ከሰዓት በኋላ «ዋልት ዲዝኒ ያቀርባል» የሚል ክፍለ ጊዜ ነበረው። በታኅሣሥ 12 ቀን 1993 «ዳክ ቴይልስ» በመታየት ላይ ሳለ በድንገት ተቋረጠ፤ የሐዘን ሙዚቃ ቀጠለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮዤፍ አንታል ዐርፈው ነበር። በዚያች ሰዓት በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን ፊት የነበሩት ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው «የዳክ ቴይልስ ትውልድ» ይባላሉ። ስንት የታሪክ ለውጥ ባየ አገር አንድ ትውልድ የተጠራው ካርቱን በተቋረጠባት እሑድ ነው።

እኛ በምንኖርበት አካባቢም ነገሩ አዲስ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋራ በኩዌት ባቋቋሙት የፕሮግራም ማምረቻ ድርጅት አማካይነት በ1979 «ኢፍታህ ያ ሲምሲም» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም አወጡ። መነሻው አሜሪካዊ ነው፤ ቋንቋው ግን የየአገሩ የመንደር ዐረብኛ ሳይሆን ሁሉም የሚጋራው የጽሑፍ ዐረብኛ እንዲሆን ተደረገ። በ2000 የተነሣው «ስፔስቱን» ደግሞ የአየር ሰዓቱን በሙሉ በ«ፕላኔቶች» ከፋፈለው፤ የጀብዱ፣ የስፖርት፣ የቀልድ፣ የሳይንስ እያለ ለእያንዳንዱ ስምና መለያ ሰጠ። የጃፓኑ ካርቱን በደማስቆ በዚያው የጽሑፍ ዐረብኛ ተተርጕሞ ይቀርብበት ነበር። በአንድ ወዳጃችን ቤት ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ በእንዲህ ያለ ዐረብኛ እንደ ዜና አንባቢ ስትናገር ሰምተን ስቀናል። አባቷ ግን አልሳቀም፤ «እኛ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሰዓት መች ሰጠናት» አለ።

አገር ቤትስ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር አብረው የጀመሩት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ከአርባ ዓመት በላይ በ«የልጆች ጊዜ» ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ ያረፉት በ2017 ነው። አንድ ሰውዬ፣ ዙሪያቸውን የተቀመጡ ልጆች፣ ተረትና ምክር። ውድ ካርቱን አልነበረም፤ ስሙ ግን ከአሜሪካኖቹ ስሞች ሁሉ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ2006 ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚል ርእስ የስድስት ዓመት ቀጭኔ አሻንጉሊት በአማርኛ ልጆችን ማስተማር ጀመረች። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰዓት በጣቢያው የጊዜ ሰሌዳ ላይ የቆመው በምን ውል ነው? በሕግ የተከበረ ድርሻ አለው፣ ወይስ የኳስ ጨዋታ ወይም ስብሰባ በመጣ ቍጥር የሚነሣ ጭሰኛ ነው?

ለሚቀጥለው የጥናት ክበብ ስብሰባ የሚከተለውን ሥራ እናቀርባለን። እያንዳንዱ አባል ልጆች በሚያዩት በአንድ ጣቢያ ፊት አንድ ሰዓት ይቀመጥ፤ ወረቀትና የእጅ ሰዓት ይያዝ። ማስታወቂያው ስንት ደቂቃ ወሰደ? የክፍለ ጊዜው ስም ስንት ጊዜ ተጠራ? በካርቱኑ ውስጥ የታየ ነገር በማስታወቂያው ሲሸጥ ታየ ወይ? መጨረሻ ላይ የሚያልፉት ስሞች የየት አገር ሰዎች ናቸው? ከተቻለ ልጅ ያለው አባል ዘንድ ተቀምጦ ማየት ይሻላል፤ ልጁ ምን እንደሚያንጐራጕር ከወረቀቱ ዳር ይጻፍ። ቤቱን የሚፈቅድ አባል ለጸሐፊው ያስታውቅ፤ ቡናውንና ስኳሩን እኛ ይዘን እንመጣለን።